ጭቃ ያልነካው ማኅተም

በድማርሳ መንግሥት፣ ንጉሥ ዘርሐም በነገሡ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ የኔማር ወንዝ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኋላው ፈሰሰ። ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ከእጃቸው ያመለጠው ልብስ ወደ ታች መሄዱን ትቶ ወደ ተራራው ሲወጣ አዩ። እስከ ቀትር እንዲህ ሆነና ውሃው ቆመ። በማግስቱ የወንዙ ወለል ታየ፤ ዓሦች ጭቃው ላይ ተገላበጡ። በሦስተኛው ቀን ጭቃውም ተሰነጠቀ።

የሖረም ከተማ ሽማግሌዎች ምልክቱን አልሳቱትም። ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ትንቢት ነበራቸው፤ «ኔማር ወደ እናቱ የተመለሰ ቀን፣ በሩን ከዘጋው እጅ በቀር የሚከፍተው አይገኝም» የሚል። በሩ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ከጨው ሜዳው ማዶ፣ በኦርሳል ተራራ ጉሮሮ ላይ፣ የጥንት ሰዎች ያቆሙት የድንጋይ በር አለ፤ ከኋላው ሐይቅ ተኝቷል። የዘጋው እጅ የማን እንደነበረ ግን የሚናገር አልተገኘም። እነዚያ ሰዎች ከተማቸውን ለአሸዋ ትተው ከጠፉ ዘመን አልፏል። ያስቀሩት ነገር ቢኖር ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የሚበልጡ፣ አራት ማዕዘን ድንጋዮች ናቸው። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ባለ አንድ ቀንድ በሬ ተቀርጿል። ከበሬው ራስ በላይ ደግሞ ማንም አንብቦት የማያውቅ ጽሕፈት ተደርድሯል።

ድንጋዮቹን የሚጠብቁት ሊቀ ማኅተም ሐውረን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እርሳቸውም ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሊቃውንትም፣ ለሦስት መቶ ዓመት፣ ድንጋዮቹን በሐር ጠቅልለው ኖረዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ሐሩን ይገልጣሉ፣ ያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ መልሰው ይጠቀልላሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጽሕፈቱን ጭቃ አይነካውም። በድማርሳ ሸክላ መሥራት የተናቀ ሥራ ነበርና፣ ጭቃ የነካው እጅ ከሊቃውንቱ ደጅ አያልፍም።

ሸክላ የሚሠሩት ቴማዮች ነበሩ። በከተማይቱ ግርጌ ይኖራሉ። ቋንቋቸው ከአንድም ጎረቤት ቋንቋ ጋር አይዛመድም። ከየት መጣችሁ ሲባሉ፣ ውሃ ካሳደደን አገር ይላሉ። ጠያቂውም ይስቃል፤ በድማርሳ ምድር ሰውን የሚያሳድደው ውሃ ሳይሆን የውሃ እጦት ነውና። ወንዙ ደርቆ ጉድጓዶች ሲያንሱ የንጉሡ ሸንጎ ተቀመጠ። «ሥር የሌለው ሕዝብ ጉድጓድ የለውም» የሚለውን የአገሩን ተረት ጠቅሶም ፈረደ። ጨረቃዋ ሁለት ጊዜ ሞልታ ስትጎድል ቴማዮች ከከተማው ወጥተው ወደ ጨው ሜዳው ይሂዱ፤ የቀረው ውሃ አገር ላለው ይበቃል።

ከቴማዮቹ መካከል ኑላይ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ባልዋ የጭቃ ጉድጓድ ተንዶበት ሞቷል። ካዩ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ፍርዱ በተነገረ ቀን ኑላይ ተቀምጣ አሰበች፤ ካዩ ሳትጠጣ ስንት ሰዓት ትሄዳለች፣ ስንቱንስ ሰዓት በጀርባ ትታዘላለች፣ ሜዳው ስንት ቀን ይፈጃል። ሦስት ጊዜ አሰላችው። ሦስቱንም ጊዜ ልጅቱ ከሜዳው አጋማሽ አታልፍም ነበር።

በማግስቱ ለቤተ መንግሥት የታዘዘ እንስራ ልታስረክብ ሄደች። በአደባባዩ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሐውረን ከኦርሳል በር ሥር የተገኘውን ማኅተም ከሐሩ አውጥተው ለንጉሡ ያሳያሉ፤ አምስት ምልክቶች ያሉበት ነበር። ጽሕፈቱ የአንድ ታላቅ ንጉሥ ውዳሴ እንደሆነ ያስረዳሉ። ኑላይ እንስራውን አውርዳ በሰው ትከሻ መሐል ተመለከተች። ከአምስቱ ሦስቱን አወቀቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴማዮች የሚተኩሱት በአንድ የጋራ ምድጃ ነው። ዕቃው እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው። ምልክቱን አጥንት ላይ ገልብጠው ይቀርጹና የገንቦው ቂጥ ሳይደርቅ ይጫኑበታል። ምድጃው ሲሞላ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ምልክቶቹን በየስማቸው ይጠራሉ። ይህን የእሳት ጥሪ ይሉታል። አርባ ሁለት ምልክት፣ አርባ ሁለት ስም ነው። ከጥሪው አንድ ስም በዘለለች ሴት ምድጃው እስኪበርድ ድረስ ይስቅባት ዘንድ ለጎረቤቷ ሁሉ ተፈቅዷል። ኑላይ ያየቻቸው ሦስቱ የእነዚያ ቤቶች ምልክቶች ነበሩ። ግን ሁሉም ፊታቸውን አዙረዋል፤ ልክ እንደ እርሷ የአጥንት ማኅተም።

ዝም ብትል ይሻላት ነበር። ግን ስሌቱ ከራሷ አልወጣም። ሰውን ገፍታ አለፈችና ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህ የሚነበብ ድንጋይ አይደለም» አለች። «የሚታተም ነው። የሚነበበው ጭቃው ነው።»

አደባባዩ ሳቀ። ሐውረን ግን አልሳቁም። ሐሩን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡና፣ ሦስት መቶ ዓመት የተደከመበትን ነገር ድስት የምትሠራ ሴት በአንድ እይታ ከፈታችው እንግዲህ እኛ ድስት እንጠብ አሉ። ንጉሡ እጃቸውን አነሡ። የሚሰምጥ ሰው ገለባም ይጨብጣል። በሩን መክፈት ትችይ እንደሆነ ጠየቋት። እንደማታውቅ ተናገረች። ግን ወዲያው መሐላዋን አሰማች፦

«በልጄ እስትንፋስ እምላለሁ። ጨረቃዋ ሁለተኛ ሳትጎድል ወደ ኦርሳል በር እሄዳለሁ። በሩ ካልተከፈተልኝ አልመለስም። ከተከፈተልኝ ግን፣ ንጉሥ ሆይ፣ ሕዝቤ ከጉድጓዱ አይነቀል።»

«ወንዜን ያመጣልኝ ሕዝብ ከእኔ ጉድጓድ ይጠጣል» አሉ ንጉሡ። «ዙፋኔ ይመስክርብኝ።»

ማኅተሙ ከሐውረን እጅ አይለይም፤ ስለዚህ እርሳቸውም መሄድ ነበረባቸው። ሁለቱን የሚጠብቅ በርዱቅ የሚባል ወታደርና አንዲት የጭነት በቅሎ ተሰጣቸው፤ በርዱቅ ሰፊ ትከሻና ረጅም ምላስ ያለው ሰው ነበር። ትእዛዙን ሲቀበል፣ አንዷ እንዳትጠፋ አንደኛው እንዳይወድቁ ልጠብቅ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አለቃው አዎ አለው።

ኑላይ ካዩን ለአማቷ ለሴላይ ተወቻት። ግራ ጆሮዋን ያማታልና በዚያ በኩል አታስተኛት፣ ውሃውን ሳታጣሪ አታጠጫት፣ ምድጃው አጠገብ አትተያት አለቻት። ደጅ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ያንኑ ደገመች። በአራተኛው ጊዜ ሴላይ፣ ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በዚሁ እጄ ነው ብላ በሩን ዘጋችባት።

የጨው ሜዳው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዚያ ሳምራት የሚባሉ ወፎች አሉ። ክንፋቸው እንደ መስተዋት ስለሚያሳልፍ በሰማይ ላይ አይታዩም፤ መንገደኛ ዓይኑን በጨፈነ ጊዜ ብቻ ወርደው ያወጡታል። የተኛ አይነቃም። ኑላይ ሦስት ባዶ ገንቦ በከሰል ዓይን ሣለችባቸውና በሚተኙበት ጊዜ በፊታቸው ላይ አስቀመጠች። ወፎቹ ሌሊቱን ሁሉ የማይጨፈኑትን ዓይኖች ሲያዩ አድረው ጠዋት ተበሳጭተው ሄዱ። በርዱቅ ገንቦውን አንሥቶ ሐውረን ፊት አቆመና፣ አባቴ፣ ይህኛው ከእርስዎ ይልቅ የተማረ መልክ አለው አላቸው። ሐውረን የእጅጌያቸውን ጫፍ ገንቦው እንዳይነካው ሰበሰቡት። በገንቦው መትረፋቸውን ግን አልካዱም።

በመንገድ ላይ ኑላይ ሦስት ጊዜ ለመነቻቸው። ማኅተሙን አንድ ጊዜ ጭቃ ላይ ልጫነውና ቃሉን ይዘን እንድረስ አለች። ሐውረን ሦስቱንም ጊዜ እንቢ አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሐሩን ሲረከቡ በመምህራቸው እጅ ምለዋል፤ መምህራቸውም በመምህሩ እጅ። ሰው የማያውቀውን ነገር የሚጠብቀው ከሚያውቀው ይልቅ አጥብቆ ነው።

በሩ ላይ የደረሱት ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነበር። ሁለት ተራሮች የሚገናኙበትን ጉሮሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘጋ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ማሾለኪያ ነበረች። ለዘመናት ኔማርን ያጠጣችው እርሷ ስትሆን፣ ምድር ተንቀጥቅጣ ናዳ ሞልቶባታል። በበሩ መካከል፣ በሰው ቁመት፣ መዳፍ የሚያህል ገባ ያለ ቦታ አለ። በበሩ ፊት ደግሞ ኮምቡ ቆሞ ነበር።

በማኅተሞቹ ላይ የተቀረጸው በሬ እርሱ ነው። ከዝሆን ይበልጣል። ቆዳው የዝናብ ደመና ቀለም አለው። ከግንባሩ የወጣው አንድ ቀንድ ወደ ፊት ጎብጦ ጫፉ እንደ ጦር ያበራል። ሲያያቸው አልተንቀሳቀሰም። አፉን ከፈተና ጠየቀ።

ሐውረን የሰሙት የነጎድጓድ ድምፅ ነበር። ኑላይ ግን የሞተች ቅድመ አያቷ ከግድግዳ ማዶ ስታወራ የሰማች መሰላት። ቃላቱ ያረጁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ተሸርፏል። ግን የቴማይ ቃላት ነበሩ። «በሩን ያተመው ማን ነው?» ነበር ያለው።

ጥያቄውን ተርጉማ ሳትጨርስ ሐውረን ወደ ፊት ወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተዘጋጁበት ሰዓት ነው። ሐሩን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ሊቃውንቱ በዓይን ብቻ አይተው የተስማሙበትን የንጉሥ ውዳሴ በታላቅ ድምፅ አሰሙ። ኮምቡ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተንደረደረ። በርዱቅ ሽማግሌውን በትከሻው ገጭቶ ጣላቸውና በቦታቸው ቆመ። ቀንዱ ጋሻውን ሰንጥቆ ጭኑን አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከተራራው አስተጋባ። በሬውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀጥሎም ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ድምፅ፣ ደገመ።

ሐውረን ከወደቁበት ተነሥተው በርዱቅን አዩት።  ከዚያ ሐሩን በገዛ እጃቸው ፈቱና ማኅተሙን ለኑላይ ዘረጉላት። 

«መምህሬ ይቅር ይበለኝ» አሉ። «አትሚው።»

አፈር ነበር፤ ውሃ ግን አልነበረም። የቀራቸው ለሦስት ሰው አንድ ቅል ውሃ ብቻ ነው። የቆሰለው ሰው ከንፈሩ ደርቋል። ኑላይ ቅሉን ይዛ ወደ እርሱ ስታመነታ በርዱቅ አያት።

«እኔ እንደሆንኩ የምፈልገው ጠጅ ነው፣ እህቴ» አላት። «ውሃውን ለጭቃሽ ስጪው።»

አፈሩን ነፋች፣ ጠጠሩን ለቀመች፣ አራሰች፣ አሸች። ጭቃው እጇ ላይ መያያዝ ሲጀምር ማኅተሙን ተጫነችውና አነሣችው። አምስቱ ምልክቶች፣ በአደባባዩ ያልለየቻቸው ሁለቱም ጭምር፣ ፊታቸውን መልሰው ቆሙ። እንደ ምድጃው ጊዜ ጣቷን እያስከተለች ስማቸውን ጠራች። ውሃ። ገመድ። እጅ። ዓይን። ዋስ።

«ውሃውን በገመድ ያሰረ እጅ ዓይኑን ዋስ አድርጎ ሰጠ» አለች ለኮምቡ። «ያተሙት የእኔ ሰዎች ናቸው።»

በሬው ተንበረከከ። ከዚያ የነገራት ረጅም ነበር፤ እርሷም እየተረጎመች ለሐውረን አሰማች። በጥንት ዘመን ሐይቁ ተቆጥቶ የኦርሳልን ሰዎች ከነልጆቻቸው ይወስዳቸው ነበር። በሩን ሠርተው ሐይቁን ለማሰር ሲመጡ ዋስ ተጠየቁ። ዓይናቸውን ሰጡ። የሰጡት የሥጋ ዓይን አልነበረም፤ የሚያነቡበትን ዓይን ነው። በአንድ ቀን ጽሕፈታቸው ሁሉ ለራሳቸው እንግዳ ሆነ። አፋቸውን ብቻ ይዘው ወደ ደቡብ ሄዱ። ምልክቶቹን ለገንቦ ቂጥ እንጂ ለሌላ ነገር ማዋል ጠፋባቸው። አሁን የሐይቁ ቁጣ በርዷል፤ በሩ ሊከፈት ይችላል። ግን የዘጋው ዓይን ከሆነ የሚከፍተው አፍ ነው። ያኔ ሁሉም ከፍለዋል፤ ዛሬ የአንድ ሰው ይበቃል። የሚከፍለው ሰው የእናቱን ቋንቋ እዚሁ ትቶ ይሄዳል።

ሐውረን ይህን ሲሰሙ ቀድመው ተንበረከኩ። ስልሳ ዓመት በተማርኩበት ቋንቋ ይከፈል፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ የሚሰማኝም የለም ብለው ለመኑ። ኑላይ ተረጎመችላቸው። ኮምቡ ያ ቋንቋ በሩን እንደማያውቀው መለሰ።

እርሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጄን እረሳታለሁ ወይ አለች።

«ልጅሽን አትረሺም» አላት። «ስሟም አይጠፋሽም። የምትልሽን ግን አታውቂውም።»

 ካዩ ከድማርሳ ሰዎች ጋር የሚነጋገሩበትን የገበያውን ቋንቋ ገና አልለመደችም፤ ከቴማይ ሌላ የምታውቀው የለም። ሌላ ሰው ቢገኝ ትወድ ነበር። ፀሐይዋን አየች፣ መንገዱን አሰበች፣ ከቤት የቀረውን ውሃ አሰበች። ስሌቱ አሁንም አልተለወጠም።

ልትነሣ ስትል ሐውረን ቀሚሷን ያዙ። እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃሉ ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

«ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ ጥሪውን በይልኝ፣ ልጄ» አሉ። «አርባ ሁለቱንም። እንዳይጠፋ።»

ቀለም አልነበራቸውም። ሦስት መቶ ዓመት ጭቃ ያልነካውን ሐር መሬት ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን ከተረፈው ጭቃ እያጠቀሱ እርሷ የጠራችውን ምልክትና ስም ሁሉ ጻፉበት። አንድ ቦታ ሲሳሳቱ አስቆመቻቸው፤ አጥፍተው ጻፉ። በርዱቅ ከተጋደመበት፣ ሽማግሌው ጣታቸውን ለማጠብ ስንት ወንዝ ሊያስፈልጋቸው ነው እያለ ያጉረመርም ነበር። ሐውረን ቀና ብለው አላዩትም።

ጥሪው ሲያልቅ ኑላይ ወደ በሩ ሄደች። ጭቃውን ገባ ባለው ቦታ ላይ መረገችና ማኅተሙን በሁለት መዳፏ ተጫነችው።

አላመማትም። በመጀመሪያ የወፎች ስም ሄደ። ከዚያ የቅጠሎች፣ ከዚያ የማጀት ዕቃ ሁሉ። ቀጥሎ እናቷ ስትቆጣ የምትላቸው ቃላት፣ ባልዋ በሳቀ ጊዜ የሚላቸው ቃላት ሄዱ። ልትይዛቸው አልሞከረችም፤ የያዘችው ማኅተሙን ነበር። በሩ ከመካከሉ ተሰነጠቀና ቀስ እያለ ተገለጠ። ውሃውም ያለ ችኮላ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሽማግሌ፣ በጉሮሮው በኩል ወረደ። ኮምቡ ወደ ሐይቁ ገብቶ ሳይሰምጥ ዞሮ አንድ ነገር ነገራት። ምርቃት ይሁን ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ለእርሷ የበሬ ጩኸት ብቻ ነበር።

ውሃው ከእነርሱ ቀድሞ ሖረም ደረሰ። በርዱቅን በበቅሎ ጭነው፣ ወንዙን ይዘው ወረዱ። ለሰው የሚያወራው እርሱ ነበር። ኑላይ በገበያው ቋንቋ አዎና አይደለም ትል ነበር፤ ከዚያ አልፋ አልተናገረችም። በሸንጎው ፊት ሐውረን በጭቃ የተጻፈውን ሐር ዘርግተው ማኅተሞቹን እያተሙ አንድ በአንድ አነበቡ። ሥር የሌለው የተባለው ሕዝብ ሥሩ ከሁሉ የጠለቀ መሆኑ ተሰማ። ፍርዱ ተሻረ። ንጉሡም መሐላቸውን ጠብቀው አንጋፋውን ጉድጓድ ለቴማዮች ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ሐውረን በየሳምንቱ ምድጃው አጠገብ ከሴቶቹ ክብ ገብተው ይቀመጣሉ። ስም ሲዘሉ ይሳቅባቸዋል።

ንጉሡ ለኑላይ ምን ላድርግልሽ ቢሏት፣ ወደ ቤቴ ልሂድ አለች።

ሰፈሯ ስትደርስ ካዩ ከደጅ ነበረች። ልጅቱ እናቷን ከጀርባዋ አየቻትና ጠራቻት። ኑላይ አልዞረችም። ሁለተኛ ጠራቻት፣ ሦስተኛም። ቃሉ ለእርሷ እንደሆነ አላወቀችም። ካዩ ሮጣ ቀሚሷን ስትይዝ ነው ዞራ ያቀፈቻት። ልጅቱ ሃያ ቀን ያጠራቀመችውን ወሬ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ኑላይ አፏን እያየች ሰማች። አንድም አልገባትም። ሴላይ ልትተረጉምላት ብትነሣ በእጇ ከለከለቻት።

 ካዩ እናቷን ትንሽ አየቻት። ከዚያ እጇን በኑላይ ደረት ላይ አድርጋ፣ ሕፃን እንደሚያለማምድ ሰው፣ አንድ ቃል ቀስ ብላ ተናገረች። ኑላይ የቀሚሱ ስም መስሏት ቀሚሱን ይዛ ደገመችው። ልጅቱ ሳቀችና አይደለም ስትል ራሷን ነቀነቀች። የእናቷን ሁለት ጉንጮች በትናንሽ እጆቿ ይዛ ቃሉን እንደገና አለችው።

በዚህ ጊዜ ገባት። ጣቷን ወደ ራሷ ቀስራ፣ ልክ ልጅቱ እንዳለችው አድርጋ ተናገረችው።

ካዩ ደስ አላት። ወደ ደጁ ጠቆመችና ቀጣዩን ቃል ነገረቻት።